ከገጠር ሐኪምነት ወደ አገረ ገዥነት፦ የዶክተር ቻርልስ ሮቢንሰን ዜና ሕይወት

አንዲት አገር በታላቅ ጠብ ውስጥ በወደቀችበት ዘመን ስማቸው ጎልቶ ለትውልድ የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ ጦር ይዘው የተነሡት ሰዎች ናቸው፤ ጦርነቱ ያለ ጊዜው እንዳይነሣ ቀንና ሌሊት የደከሙት፣ የተቈጣውን ሕዝብ እየመከሩ፣ ሰዳቢውን እየታገሡ፣ የነገውን መዘዝ እያሰቡ የዛሬውን ቂም የዋጡት ሰዎች ግን የሥራቸው ፍሬ ሳይደርስ የቀረ ክፉ ነገር ስለ ሆነና ሳይደርስ ለቀረ ነገር ሐውልት የሚያቆም ስለማይገኝ ፈጥነው ይረሳሉ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሰሜን አሜሪካ የኖሩት ዶክተር ቻርልስ ሮቢንሰን ከእነዚህ ከኋለኞቹ ወገን ናቸው። በማሳቹሴትስ ገጠር በሽተኛ ሲያስታምሙ የነበሩት እኒህ ሐኪም የካንሳስ የመጀመሪያው አገረ ገዥ ለመሆን የበቁት፣ በጥይት ከቈሰሉ፣ ሁለት ጊዜ ከታሰሩና ቤታቸው ከተቃጠለባቸው በኋላ ነው፤ በሥልጣን ላይ ሳሉም በምክር ቤት ፊት ተከስሰው ለፍርድ ቀርበዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ለአንድ አሳብ ጸንተው ኖረዋል፤ እርሱም እውነት ያለው ወገን ከበደለኛው ፊት ቀድሞ እጁን ካነሣ እውነቱን በገዛ እጁ ያጠፋታል የሚል ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ሮቢንሰን በጁላይ 21 ቀን 1818 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ውስጥ ሃርድዊክ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ሃይማኖተኞችና ባርነትን የሚጠሉ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ልጁ ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰው ሰውን እንደ ከብት ገዝቶ ሊያሠራው አይገባም የሚለውን ትምህርት ከጸሎት ጋር አንድ አድርጎ ሰማው። ለአካለ መጠን ሲደርሱ ወደ አምኸርስት ኮሌጅ ገብተው ወጪያቸውን በእጃቸው ሥራ እየቻሉ መማር ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ዐይናቸው በንባብ ብዛት ታመመና ትምህርታቸውን ሊያቋርጡ ግድ ሆነባቸው። ያን ጊዜ በኒው ሃምፕሸር ግዛት ኪን በምትባል ከተማ ይኖሩ ወደነበሩት ስመ ጥሩ ሐኪም ወደ ዶክተር ኤሞስ ትዊቸል አርባ ማይል ያህል በእግራቸው ተጉዘው ሄዱ። ለዐይናቸው መፍትሔ ፍለጋ የተጀመረው ይህ ጕዞ የሕይወታቸውን መንገድ ለወጠው፤ ከዚያ ወዲያ ሮቢንሰን ጥበበ ሕክምናን ለመማር ቈረጡ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ወጣት እንደ ዛሬው በታላላቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ብዙ ዓመት አይሠለጥንም ነበር። ልማዱ፣ ተማሪው ሦስት ዓመት ያህል በአንድ የታወቀ ሐኪም ሥር እየተቀመጠ መጻሕፍቱን እንዲያነብ፣ መድኃኒት እንዲቀምምና ጌታውን እየተከተለ በሽተኛ እንዲጐበኝ፣ በዚህም መካከል በሕክምና ትምህርት ቤት ለጥቂት ወራት የሚቈይ ትምህርት ሁለት ጊዜ እንዲሰማ ነበር። ሮቢንሰንም በቨርሞንት ዉድስቶክ፣ ኋላም በማሳቹሴትስ ፒትስፊልድ በነበረው የበርክሸር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1843 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቁ፤ በዚያው ዓመትም ቤልቸርታውን በምትባለው ከተማ ሥራቸውን ጀመሩ።

የገጠር ሐኪም ኑሮ

የገጠር ሐኪም ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ ጥቂት ማስታወስ ተገቢ ነው፤ የሰውየው ጠባይ የተቀረጸው በዚህ ሥራ ውስጥ ነውና። ሐኪሙ ማለዳ ፈረሱን ጭኖ፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስና የቀዶ ሕክምናውን መሣሪያ በኮርቻው ላይ በተንጠለጠለ የቆዳ ከረጢት ይዞ፣ በበጋ በአቧራ በክረምት በበረዶ ከእርሻ ወደ እርሻ ይዞራል። ምጥ የያዛትን ሴት ያዋልዳል፣ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ ጥርስ ይነቅላል፣ በሳንባ ነቀርሳ የሚያልቀውን ወጣት ያጽናናል፤ በየዓመቱ ከሚመላለሰው የንዳድና የተቅማጥ በሽታ ጋር ይታገላል። ዋጋው በገንዘብ የሚከፈልበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ገበሬው የሚከፍለው ድርቆሽ፣ የማገዶ እንጨት፣ ድንች ወይም እህል ነው፤ ብዙውም ዕዳ በመዝገብ ላይ እንደ ተጻፈ ይቀራል።

የሐኪሙም እውቀት ከበሽታው ኀይል ጋር ሲተያይ እጅግ አነስተኛ ነበር። የብዙ በሽታዎች ምክንያት የሆኑት በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን ገና አልታወቁም፤ ሊቃውንቱ ፓስተርና ኮኽ ያንን ያስረዱት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በምላጭ ደም ማፍሰስና ከባዜቃ የሚሠራውን ካሎሜል የተባለውን ጽኑ መድኃኒት አብዝቶ መስጠት የተለመደ ሕክምና ነበር። በሽተኛውን አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና የማድረግ ጥበብ እንኳ በኤተር አማካይነት በቦስተን ለሕዝብ የታየው በ1846 ዓ.ም.፣ ሮቢንሰን ሥራ ከጀመሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ዘመን ልባም የሆነው ሐኪም ከማናቸውም መድኃኒት ይልቅ የሚተማመነው በማየትና በመጠበቅ ነበር፤ ትኵሳቱ በየትኛው ቀን እንደሚያይልና በየትኛው ቀን እንደሚበርድ ያጠናል፣ የተሸበረውን ቤተ ሰብ ያረጋጋል፣ የበሽተኛውን ኀይል የሚያደክም ነገር እንዳይደረግ ይከለክላል። ይህን ልማድ ዶክተር ሮቢንሰን ወደ ፖለቲካ ሲገቡ ይዘውት ገቡ።

ሐኪምነታቸው ግን የገዛ ቤታቸውን ከኀዘን አላዳነውም። በ1843 ዓ.ም. ያገቧት ወይዘሮ ሣራ አዳምስ ሁለት ልጆች ወልደውላቸው ሁለቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ እናቲቱም በ1846 ዓ.ም. ዐረፉ። ሮቢንሰን በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በኋላ ደራሲና የታወቀ የመጽሔት አዘጋጅ ከሆኑት ከዶክተር ጆሳያ ጊልበርት ሆላንድ ጋር ሆነው ሆስፒታል ከፍተው ነበር፤ ከዚያም ወደ ፊችበርግ ተዛውረው በዚያ ይሠሩ ጀመር። ይሁን እንጂ ጤናቸው ተጓድሎ፣ ልባቸውም በኀዘን ደክሞ ስለ ነበር፣ በካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ የሚለው ወሬ በ1849 ዓ.ም. አገሩን ሁሉ ሲያናውጥ፣ ከቦስተን ለተነሣ አንድ የተጓዦች ማኅበር ሐኪም ሆነው ወደ ምዕራብ ወጡ።

የሳክራሜንቶ ትምህርት

ያ ዓመት ኮሌራ በወንዞቹና በስደተኞቹ መንገድ ላይ ብዙ ሕዝብ የፈጀበት ዓመት ስለ ነበረ፣ ለአንድ ማኅበር ሐኪም ይዞ መጓዝ ቅንጦት አልነበረም። ማኅበሩ በሜይ ወር በካንሳስ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሲያልፍ፣ ሮቢንሰን ከአንድ ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ ሆነው የለመለመውን ሜዳ ተመለከቱና ውበቱን በማስታወሻቸው ጻፉ። ምድሩ በዚያን ጊዜ በቃል ኪዳን ለአሜሪካ ሕንዶች ነገዶች የተተወ ነበረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ነጮቹ ሰፋሪዎች ነገዶቹን እየገፉ ሊወርሱት ነው። ባርነት በሌለበት ምድር ላይ ለመኖር የተደረገው የዚያ ሁሉ ተጋድሎ ታሪክ ሲነገር፣ ምድሩ አስቀድሞ የሌሎች እንደ ነበረ መናገር ለእውነት የሚገባ ነው።

በካሊፎርኒያ ሮቢንሰን ጥቂት ጊዜ ወርቅ ከፈለጉ በኋላ በሳክራሜንቶ ከተማ ምግብ ቤት ከፈቱ። በከተማይቱ የነበረው ታላቅ ክርክር የመሬት ክርክር ነበር። ጆን ሳተር የተባሉት ባለ ርስት ከሜክሲኮ መንግሥት ባገኙት ስጦታ ላይ ተመሥርተው የከተማ ቦታ ከገዙት ነጋዴዎች ጋር፣ መሬቱ የመንግሥት ስለ ሆነ ማንም ሰፋሪ ሊይዘው ይችላል የሚሉት ድሆች ሰፋሪዎች ተፋጠጡ። ሐኪሙ ከሰፋሪዎቹ ጋር ቆሙ፤ ከመሪዎቻቸውም አንዱ ሆኑ። በኦገስት 14 ቀን 1850 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች በአደባባይ ተታኰሱ፤ ከሁለቱም በኩል ሰው ሞተ፣ የከተማይቱ ከንቲባ ቈሰሉ፣ ሮቢንሰንም ከልባቸው ጥቂት ዝቅ ብሎ ያለፈ ጥይት መታቸው። በቍስላቸው እንዳሉ ተይዘው እስር ቤት በሆነች መርከብ ውስጥ ታሰሩ።

የሰፋሪዎቹ ድምፅ ግን በእስር ላይ ሳሉ ወደ ካሊፎርኒያ ምክር ቤት መረጣቸው። ክሱም ቀርቶ ተፈቱና በ1851 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ተቀምጠው የባርነት ተቃዋሚ የሆኑትን ጆን ፍሪሞንትን ደገፉ፤ ለሰፋሪዎቹና ለወርቅ ቈፋሪዎቹ የቆመ ጋዜጣም አዘጋጁ። የሳክራሜንቶን ነገር በኋላ ካደረጉት ጋር ሳስተያየው፣ ያ ቍስል ለሮቢንሰን ከኮሌጅ ይልቅ ያስተማራቸው ይመስለኛል። በአንድ ቀን ቍጣ ብዙ ሰው ሲጐዳ፣ የመሬቱ ክርክር ግን አንድ ስንዝር ሳይፈታ ቀረ፤ ጠመንጃው ያልሰጣቸውን ጕልበት የሰጣቸው የምርጫው ካርድ ሆነ። በካንሳስ የታየው ትዕግሥት ከፍርሃት የመነጨ ነው ብለው በዘመናቸው የነቀፏቸው ሰዎች፣ ሰውየው ጥይት ምን እንደሚያደርግ በገዛ ሥጋቸው የሚያውቁ መሆናቸውን ማስተዋል ነበረባቸው።

የካንሳስ ተጋድሎ

ሮቢንሰን በ1851 ዓ.ም. ወደ ማሳቹሴትስ ተመልሰው በፊችበርግ ጋዜጣ ሲያዘጋጁ፣ የቤልቸርታውን ተወላጅ የሆኑትን፣ የተማሩና ብዕረኛ የነበሩትን ወይዘሮ ሣራ ላውረንስን አገቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 30 ቀን 1854 ዓ.ም.፣ የካንሳስና የነብራስካ ዐዋጅ የተባለው ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ገና የግዛትነት ማዕርግ ባላገኙት በሁለቱ አገሮች ውስጥ ባርነት ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውን ነገር ሰፋሪዎቹ በድምፅ እንዲወስኑ የሚፈቅድ ነበር። ስለዚህ ነገሩ በማን ቀድሞ መስፈር ላይ ወደቀ። ከካንሳስ በስተ ምሥራቅ ያለው የሚዙሪ ግዛት ባርነት የጸናበት ስለ ነበር ሰዎቹ ወንዝ ተሻግረው መግባት ጀመሩ፤ በማሳቹሴትስም ኢላይ ቴየር የተባሉት የምክር ቤት አባል ባርነትን የሚቃወሙ ሰፋሪዎችን የሚልክ ማኅበር አቋቋሙ፤ የቦስተኑ ባለጸጋ ኤሞስ ላውረንስም ገንዘብ ያዥ ሆኑ።

ማኅበሩ አገሩን አስቀድሞ ያየ፣ ሕክምና የሚያውቅና በመከራ የተፈተነ ሰው ሲፈልግ ሮቢንሰንን አገኘ። እርሳቸውም በ1854 ዓ.ም. ሄደው ቦታውን መረመሩ፤ 29 ሰዎች ያሉበት የመጀመሪያው ጓድ በኦገስት 1 ቀን በካንሳስ ወንዝ አጠገብ ሰፈረ፤ ሁለተኛውን ጓድ ራሳቸው ሮቢንሰን ከሌላው የማኅበሩ ወኪል ከሳሙኤል ፖመሮይ ጋር ይዘው መጡ። ከተማይቱም በባለጸጋው ስም ሎረንስ ተባለች፤ ከአምስት ዓመት በፊት ሐኪሙ ቆመው ሜዳውን ያዩበት ኮረብታም ማውንት ኦርያድ ተብሎ የመኖሪያ ቤታቸው ሥፍራ ሆነ።

በማርች 30 ቀን 1855 ዓ.ም. የሕግ አውጪው ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ በተደረገው ቈጠራ በአገሩ የተገኙት መራጮች 2,905 ብቻ ሲሆኑ፣ የተሰጠው ድምፅ ግን 6,307 ሆነ። ከሚዙሪ መሣሪያ ታጥቀው በጋሪና በፈረስ የመጡ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ እንዲህ የተመረጠውም ምክር ቤት ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ይዞ የተገኘውን እንኳ የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ሮቢንሰን በዚህ ጊዜ የመረጡት መንገድ ሁለት ገጽ ያለው ነበር። በአንድ በኩል፣ በማጭበርበር የቆመው ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ እንደ ሕግ አንቈጥረውም፣ ፍርድ ቤቱንም አንሄድበትም፣ ግብሩንም አንከፍልም አሉ፤ በሌላው በኩል፣ በማዕከላዊው መንግሥት ወታደር ላይ አንዲት ጥይት እንዳትተኰስ አጥብቀው ከለከሉ። የመጀመሪያው ነገር መብታቸውን ሲጠብቅ፣ ሁለተኛው የአገር ከዳተኞች የሚል ስም እንዳይወጣላቸው ያደርግ ነበር። ትዕግሥታቸውም ከባዶ እጅ የመጣ አልነበረም፤ በዚያው የጸደይ ወራት ወደ ቦስተን መልእክተኛ ልከው መቶ የሻርፕስ ጠመንጃ አስመጡ፤ ጠመንጃውም የመጣው መጻሕፍት የሚል ጽሕፈት በተጻፈባቸው ሣጥኖች ውስጥ ተቀብሮ ነው።

የዚህ መንገድ ታላቁ ፈተና የደረሰው በ1855 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በኖቬምበር ወር በመሬት ጠብ ምክንያት ቻርልስ ዳው የተባለ የባርነት ተቃዋሚ ተገደለ፤ ገዳዩ ሳይያዝ የሟቹ ወዳጅ ታሰረ፤ እስረኛውንም ጓደኞቹ በሌሊት አስለቀቁት። ሸሪፉ ሳሙኤል ጆንስ ይህን ምክንያት አድርገው ርዳታ ሲጠሩ 1,500 ያህል ሚዙሪያውያን መጥተው ሎረንስን ከበቡ። የከተማይቱ ሰዎች ሐኪሙን የጦር አዛዥ፣ ጄምስ ሌንን ምክትላቸው አድርገው ሾሙ። ሌን የተፈጥሮ ተናጋሪ፣ ሕዝቡን በአንድ ንግግር እንደ እሳት የሚያቀጣጥሉ ሰው ነበሩ፤ ሮቢንሰን ግን ንግግራቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ምሽግ ተቈፈረ፤ ሎይስ ብራውንና ማርጋሬት ዉድ የተባሉት ሁለት ወይዛዝርት በከበባው መካከል ወጥተው ባሩድና እርሳስ በቀሚሳቸው ውስጥ ደብቀው አስገቡ። በዲሴምበር 6 ቀን ከከተማይቱ ወደ ቤቱ ይመለስ የነበረው ቶማስ ባርበር በመንገድ ላይ ተገድሎ ሬሳው ወደ ሎረንስ በገባና ሚስቱ ስታለቅስ በታየች ጊዜ፣ ሕዝቡ አሁኑኑ ወጥተን እንግጠማቸው ብሎ ተነሣ። ሮቢንሰን እንቢ አሉ። ጠላት የሚመኘው እኛ እንድንጀምር ነው፤ የጀመርን ዕለት ፕሬዚዳንቱ ሠራዊታቸውን በእኛ ላይ ያዛሉ፤ የአገሩም ሕዝብ ፍርድ ከእኛ ይሸሻል የሚል አሳባቸውን ለሰዎቻቸው አስረዱ።

በዚያን ጊዜ የአገሩ ገዥ የነበሩት ዊልሰን ሻነን ወደ ከተማይቱ ገብተው ነገሩን በዐይናቸው ካዩ በኋላ፣ በዲሴምበር 8 ቀን የሰላም ውል ተፈረመ። ውሉን ከተቃወሙት አንዱ ከአንድ ቀን በፊት ከልጆቻቸው ጋር የደረሱት፣ ባርነትን በጦር መሣሪያ ለማጥፋት የተነሡት ጆን ብራውን ነበሩ። ሮቢንሰንና ሌን ግን ገዥው በግብዣ ላይ ሳሉ፣ ከተማይቱ ዳግመኛ ብትጠቃ ሰላም ለማስከበር በሕዝቡ ኀይል እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ወረቀት አስፈረሟቸው። ትላንት ዐመፀኞች ተብለው የተከበቡት ሰዎች ዛሬ በገዥው ፊርማ የሕግ ጠባቂዎች ሆኑ። ሮቢንሰን በሳክራሜንቶ በጥይት ያጡትን ነገር በሎረንስ በብዕር አገኙት።

እስራትና ድል

የባርነት ተቃዋሚዎቹ በቶፒካ ተሰብስበው የራሳቸውን ሕገ መንግሥት ጽፈው ነበር፤ በጃኑዋሪ 1856 ዓ.ም. ሮቢንሰንን በዚህ ሕገ መንግሥት መሠረት አገረ ገዥ አድርገው መረጡ። ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ነውርም ነበረ፤ ከእነዚሁ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ባርነትን የሚጠሉት ለጥቁሩ ሰው አዝነው ሳይሆን ጥቁር ሰው በአካባቢያቸው እንዳይኖር ሽተው ስለ ነበር፣ ነጻ የወጡትም ጥቁሮች እንኳ ወደ ካንሳስ እንዳይገቡ የሚከለክል ውሳኔ በ1,287 ድምፅ በ453 ላይ አሳለፉ። ሮቢንሰን ይህን ከተቃወሙት ከጥቂቶቹ ጋር ነበሩ።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር የመንግሥት ክሕደት የሚል ክስ ተመሠረተባቸው። ከባለቤታቸው ጋር በመርከብ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ በሚዙሪ ውስጥ በሌክሲንግተን ከተማ ተይዘው ተመለሱ፤ ወይዘሮ ሣራ ግን የኮንግሬስ መርማሪዎች በካንሳስ ያጠናቀሩትን የምስክርነት ቃል ይዘው ጕዞአቸውን ቀጠሉ። በሜይ 21 ቀን ሸሪፉና ተከታዮቻቸው ወደ ሎረንስ ገብተው የፍሪ ስቴት ሆቴልን በመድፍ መትተው አቃጠሉ፤ የሁለት ጋዜጦችን ማተሚያ ሰባብረው ወደ ወንዝ ጣሉ፤ በኮረብታው ላይ የነበረውንም የሮቢንሰንን ቤት አጋዩት። ከሦስት ቀን በኋላ ጆን ብራውን በፖታዋቶሚ ወንዝ ዳር አምስት ሰዎች በሌሊት ከየቤታቸው አስወጥተው አስገደሉ፤ ከዚያ ወዲያ አገሩ የደም ምድር ሆነ። ሮቢንሰን በሊኮምተን አጠገብ በወታደር በሚጠበቅ ድንኳን ውስጥ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ታሰሩ። ባለቤታቸው ተመልሰው በድንኳኑ አብረዋቸው ተቀመጡ፤ በዚያው ዓመትም ስለ ካንሳስ ኑሮና መከራ የጻፉት መጽሐፍ በቦስተን ታትሞ በሰሜኑ ክፍል ሰፊ ንባብ አገኘ።

በመጨረሻ ጠቡን የፈታው ድምፅ ነው። በኦክቶበር 1857 ዓ.ም. ሮቢንሰን ከብዙ ወዳጆቻቸው ጋር ተከራክረው የባርነት ተቃዋሚዎቹ ወደ ምርጫው እንዲገቡ መከሩ። ጥቂት ቤቶች ብቻ ባሉባት ኦክስፎርድ በምትባል መንደር 1,600 ያህል ሰው መረጠ የሚል መዝገብ ቀረበ፤ አዲሱ ገዥ ሮበርት ዎከር ግን ይህን ሐሰተኛ መዝገብ ስለ ሰረዙት ምክር ቤቱ በባርነት ተቃዋሚዎቹ እጅ ገባ። በኦገስት 1858 ዓ.ም. ባርነትን የሚያጸናው የሊኮምተን ሕገ መንግሥት በ11,300 ድምፅ በ1,788 ላይ ወደቀ። በ1859 ዓ.ም. ባርነትን የሚከለክለው የዋያንዶት ሕገ መንግሥት ጸድቆ፣ ሮቢንሰን በዲሴምበር ወር አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። ካንሳስም በጃኑዋሪ 29 ቀን 1861 ዓ.ም. ሠላሳ አራተኛዋ ግዛት ሆና ወደ ኅብረቱ ገባች።

አገረ ገዥው

ሮቢንሰን በፌብሩዋሪ ወር ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥልጣን ሲይዙ ግምጃ ቤቱ ባዶ፣ ሕዝቡም ከ1860 ዓ.ም. ድርቅ ያላገገመ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። 107,000 ያህል ሕዝብ ብቻ የነበራት ካንሳስ በጦርነቱ ዘመን 20,000 ያህል ወታደር አሰለፈች፤ የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጦሮች ያደራጁት እርሳቸው ናቸው። የቀድሞው ምክትላቸው ጄምስ ሌን ግን በዋሽንግተን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው፣ የራሳቸውን ጦር ሰብስበው ሚዙሪን መዝረፍ ጀመሩ። ሮቢንሰን በሴፕቴምበር 1861 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የምዕራቡ ጦር አዛዥ ለነበሩት ለፍሪሞንት ጽፈው፣ ለካንሳስ የሚያስፈራው ጠላት ሳይሆን ድንበር ተሻግሮ የሚዘርፈው የሌን ጦር ነው፣ በቀሉ በእኛ ላይ ይመለሳል ሲሉ አስጠነቀቁ። በዚያው ወር ሌን በሚዙሪ የኦሲዮላን ከተማ ዘርፈው አቃጠሉ። በኦገስት 21 ቀን 1863 ዓ.ም. ደግሞ ኳንትሪል የተባለው የሽፍታ አለቃ 400 ያህል ፈረሰኛ ይዞ በማለዳ ሎረንስ ገባና 150 የሚያህሉ ወንዶችና ልጆች ገድሎ ከተማይቱን አቃጠለ። ሐኪሙ የፈሩት በሽታ በፈሩት መንገድ መጣ።

በዚያን ጊዜ ሮቢንሰን ከሥልጣን ወርደው ነበር። በ1862 ዓ.ም. መጀመሪያ የግዛቱ የብድር ሰነድ ሕጉ ከፈቀደው ባነሰ ዋጋ ተሸጠ በሚል ምክንያት፣ አገረ ገዥው፣ የግዛቱ ጸሓፊና ዋናው ተቈጣጣሪ በምክር ቤት ተከሰሱ። ሁለቱ ሹማምንት ጥፋተኛ ተብለው ከሥራቸው ተሻሩ፤ ሮቢንሰን ግን በጁን ወር በግዛቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ነጻ ወጡ። ከክሱ በስተ ጀርባ የሌን ወገን እጅ ነበረበት፤ ይሁንና የሰነዱ ሽያጭ በእርሳቸው ዘመን የተፈጸመ ጕድለት ስለ ሆነ፣ ፍርዱ ነጻ ቢያወጣቸውም ስማቸው እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። በጃኑዋሪ 1863 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቶማስ ካርኒ አስረከቡ።

የኋለኛው ዘመን

ቀሪው ሠላሳ ዓመት የእርሻና የሕዝብ አገልግሎት ዘመን ሆነ። ከባለቤታቸው ጋር በማውንት ኦርያድ ላይ የነበራቸውን 40 ኤክር መሬት ለካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ በ1866 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሴቶችንና ወንዶችን አብሮ ተቀበለ። በ1867 ዓ.ም. ለሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጥ ወይ የሚለው ጥያቄ ለካንሳስ ሕዝብ ሲቀርብ፣ የሴቶች መብት ተሟጋች ከነበሩት ከኤሊዛቤት ኬዲ ስታንተን ጋር በጋሪ እየተጓዙ በየመንደሩ ሰበኩ፤ ጥያቄው በድምፅ ቢወድቅም እርሳቸው ከአሳባቸው አልተመለሱም። በ1870ዎቹ ዓመታት በግዛቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቀመጡ። ከ1887 እስከ 1889 ዓ.ም. የሕንዶች ልጆች የሚማሩበትን የሃስከል ትምህርት ቤት አስተዳደሩ፤ እንደዚህ ያሉት ትምህርት ቤቶች ሕፃናቱን ከቋንቋቸውና ከልማዳቸው የሚለዩ ስለ ነበሩ፣ የዚያ ዘመን ደግ የተባሉ ሰዎች እንኳ ያላስተዋሉት በደል ነበረባቸው።

እርጅና የሮቢንሰንን ጕድለትም ገለጠ። በ1877 ዓ.ም. በኦሳዋቶሚ የጆን ብራውን ሐውልት ሲመረቅ ሊቀ መንበር ሆነው ያመሰገኑት ራሳቸው ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሙታኑን ብራውንንና ሌንን በብርቱ ይነቅፉ ጀመር፤ በ1892 ዓ.ም. ስለ ካንሳስ ተጋድሎ ባሳተሙት መጽሐፍም ይኸው ቂም በግልጽ ይታያል። ካንሳስን በትዕግሥት ያስተዳደሩት ሰው የገዛ ስማቸውን ጕዳይ በትዕግሥት ሊያዩት አልቻሉም። በ1890 ዓ.ም. እንደገና አገረ ገዥ ለመሆን ተወዳድረው ተሸነፉ፤ በኦገስት 17 ቀን 1894 ዓ.ም. በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ሣራ እስከ 1911 ዓ.ም. ኖረው ሀብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ተናዝዘው ዐለፉ።

የዚህ ሰው ዜና ሕይወት ለፖለቲካ ሰዎች የሚተወው ትምህርት አንድ ነው። ሮቢንሰን ከበደል ጋር አልታረቁም፤ የሐሰቱን ምክር ቤት አንድ ቀን እንኳ ምክር ቤት ብለው አልተቀበሉትም፣ ጠመንጃም ከማስመጣት አልቦዘኑም። ልዩነታቸው ከመምታት በፊት ከምቱ በኋላ የሚመጣውን ነገር መጠየቃቸው ነው፤ ይህንም ጥያቄ በሎረንስ ምሽግ ውስጥ፣ በሊኮምተን ድንኳን፣ ለፍሪሞንት በጻፉት ደብዳቤ ደጋግመው ጠየቁት። በጠየቁበትና በተሰሙበት ጊዜ ከተማይቱ ዳነች፤ በጠየቁበትና ባልተሰሙበት ጊዜ ግን ከተማይቱ ነደደች። ሕዝብን የሚመራ ሰው ደፋር መሆኑን ለማወቅ በጠላት ፊት የሚናገረውን መስማት ይበቃ ይሆናል፤ ጠቢብ መሆኑን ለማወቅ ግን በቍጣ የነደዱትን ወዳጆቹን ቆይ ለማለት መቻሉን መመልከት ያስፈልጋል። ይህን ያደረገ መሪ በዘመኑ ፈሪ ተብሎ ሊሰደብ፣ ከሞተም በኋላ ሊረሳ ይችላል፤ ታሪክ ጸሓፊዎችና አንባቢዎች የሆንን ሁላችን የዚህን ሰው ውለታ ከጀግኖቹ ተራ አግብተን መቍጠር ይገባናል።